የእማዬ ፍንጭት

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መታጠቢያ ሥር ተንጋሎ ይውላል። እሑድ ግን ሣጥን የምታክል አሮጌ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥልና ነገር ዓለሙን ይረሳል። ሁለት ዓይን አላት፤ በላይኛው ያያል፣ በታችኛው ያነሳል። አንድ ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው። ያጠበውን ፎቶ ልብስ ማስጫዬ ላይ በመቆንጠጫ ይሰቅለዋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን እየለቀመ ይሄዳል። «ስልክ እያለህ ምን አስለፋህ?» ብዬ ብጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እውነቱን ልናገርና፣ የሚያናድደኝ የመቆንጠጫዬ ነገር ነበር።

ያን እሑድ ግን የለመንኩት እኔ ነኝ። እማዬ በማግስቱ የፊት ጥርሶቿን ልታስነቅል ነበር። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «በዚያች ፍንጭት ተይዤ ቀረሁ» ይል ነበር። ታዲያ እማዬ ስትስቅ የሚያሳይ አንድ ፎቶ እንኳ የለንም። ካሜራ ካየች እጇ አፏ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ፍንጭቷም አበቃላት።

በረንዳው ላይ አስቀመጥናት። ባሌ ካሜራዋን ሆዱ ላይ አድርጎ ከአናቷ ለማየት አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ እስቲ ፈታ ይበሉ።»

እማዬ ከንፈሯን ገጠመች። አንድ አነሳ፣ አምስት አነሳ። የልጅነት ጉዴን አወራሁላት፣ ጎረቤት አማሁላት፣ ወይ ፍንክች። አሥራ አንድ ሲደርስ አንዲት ብቻ ቀረችን፤ ሌላ ፊልም ቤት ውስጥ የለም።

«አንተ ልጅ» አለች እማዬ አንገቷን አስግጋ፣ «የታችኛው ዓይኗ የተጨፈነው አውቀህ ነው?»

ባሌ ገልብጦ አየ። የላይኛውን ክዳን አንስቶ የታችኛውን ረስቶታል። በላይ በኩል እማዬን እያየ፣ በታች ጨለማ ሲያነሳ ነው የቆየው። አሥራ አንዱን ውሃ በላው።

እማዬ በሳቅ ፈረሰች። «የሰው የተደፈነ ቧንቧ ሲከፍት የሚውል ሰውዬ፣ የራሱን ክዳን መክፈት አቃተው!» አፏን የሚሸፍነው እጇ ሆዷን ይዟል። ባሌ ክዳኗን ነቅሎ ወረወረና ተመልሶ አንገቱን ደፋ። የሸሚዙ ቁልፍ የጠፋበት ይመስላል እንጂ ፎቶ የሚያነሳ አይመስልም። ካሜራዋ ቀጭ አለች።

መታጠቢያ ቤት ዘግቶ ፊልሙን ሲያጥብ በሩ ላይ ቆሜ አላስቀምጠው አልኩ። «ወጣች?» «ቆይ እንጂ።» «ወጣች ወይ?» በመጨረሻ ብቅ ብሎ እርጥቡን ፊልም ወደ ብርሃን ዘረጋው። አሥራ አንዱ ባዶ፣ ጫፉ ላይ እማዬ። በዚህ ዕድሜዬ ዘለልኩ። መቆንጠጫውንም እኔው አቀበልኩት።

በማግስቱ የእማዬ ጥርሶች ተነቀሉ። ድዷ ከዳነ በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ልታስገባ ስንሄድ፣ ሐኪሙ ናሙና አሳያት፤ ነጭ፣ ግጥም ያለ። እማዬ አየችውና ቦርሳዋን ከፈተች። ከልብስ ማስጫው ላይ ራሷ የለቀመቻትን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሱ የሌላ ሰው ነው፣ ልጄ» አለችው። «የእኔ ይኸውልህ። ክፍተቷን እንዳትረሳት።»

ይህን ስትል አፏ ውስጥ አንድም የፊት ጥርስ አልነበረም፣ እጇም አፏ ላይ አልነበረም። ሐኪሙ ማስመሪያ አወጣ።