ቴስታሮሳ ያልነው በሬ

ወንድሜ ሲሞት ስልኩ ውስጥ የቀሩት የመኪና ፎቶዎች ናቸው። የድሮ የጣሊያን የስፖርት መኪናዎች። መካነ ኢየሱስ ከተማ በወጣ ቁጥር ያወርዳቸው ነበር። ማታ ደግሞ ስማቸው ከየት እንደመጣ ይነግረኝ ነበር። ጊብሊ የበረሃ ነፋስ ነው። ኢስሌሮ የሚፋለመውን ሰው የገደለ ኮርማ ነው። ቴስታሮሳ ቀይ ራስ ማለት ነው፤ የሞተሩን ክዳን ቀይ ስለቀቡት።

ያን ዓመት ገላው ነጭ፣ ራሱ ቀይ የሆነ ወይፈን ለእርሻ እናለማምድ ነበር። ወንድሜ «ቴስታሮሳ» አለው።

አባታችን ሳቁ። «በሬ ዳማ ይባላል፣ ቦራ ይባላል። ይኼ የመድኃኒት ስም ነው።»

«አባባ፣ ጣሊያኖቹም ለመኪናቸው እንደኛው በመልኩ ነው ያወጡለት።»

«መኪናው ያርሳል?»

«አያርስም።»

«እንግዲያ የኛው ይበልጣል!»

እሳቸው ዳማ ማለታቸውን አልተዉም። በሬው ግን ለዳማ ጆሮ አልሰጠም። የሚመጣው እኔና ወንድሜ ስንጠራው ብቻ ነው።

በክረምቱ ወንድሜ ለሰሊጥ አረም ቆላ ወረደ። ወባ ይዞት ተመለሰ። ሳምንት አልቆየም።

አርባው ሲቃረብ አባቴ ለተዝካሩ የሚታረደው ራሰ ቀዩ በሬ መሆኑን ነገሩኝ። ሌላው በሬያችን አርጅቶ ከስቷል።

«አባባ፣ እሱ እኮ የወንድሜ ነው» አልኩ።

«ለዚያ እኮ ነው። ለነፍሱ የሱን ነው የምሰጥ።»



የተዝካሩ ዋዜማ ጎረቤቶች ገመድ ይዘው ሲቀርቡት በሬው ደነገጠ። አጥሩን ጥሶ ገብሱ ውስጥ ገባ። ሰዎቹ ሲሮጡ እሱም ይሸሻል።

«ዳማ! ና ዳማ!» አባቴ ጮኹ። አልዞረም። ሌላውን ስም ሊሉ ሞከሩ፤ ግማሹ ላይ ተዉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ጥራው፣ ልጄ።»

ባልጠራው ከገብሱ በታች ወዳለው ገደል ይወርድ ይሆናል፣ ወይም ያመልጣል ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን ልጃቸውን የሚሸኙበት ሌላ ነገር የላቸውም።

አንዴ ብቻ ጠራሁት።

ጆሮውን አቆመ። ገብሱን እየረገጠ ቀጥ ብሎ መጣና ቀይ ራሱን ደረቴ ላይ አስጠጋ። ከዚያ አንገቱን አቅንቶ ከኋላዬ ወንድሜ ይመጣበት የነበረውን መንገድ አየ። እኔም ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ገመዱን ተቀብዬ ራሴ አሰርኩለት።