የወረቀቱ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት በመሥሪያ ቤታችን ግቢ የእሳት መከላከያ አሸዋ የሚያዝባቸው ባልዲዎች ቀይ ቀለም ሲቀቡ ሽታው በመስኮት ገባ። እኔም ብዕሬን አስቀመጥኩ። ያ ሽታ ለእኔ ጋምቤላ ነው፤ የጋሽ ኦሞድ ዳቦ ቤት ነው። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ፊቴን በሀፍረት ያግለዋል።

ጋሽ ኦሞድ አኝዋክ ነበር፤ ረጅምና ዝምተኛ። ዳቦ መጋገር የተማረው መርከብ በባሮ ላይ በሚመላለስበት ጊዜ አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ነው። ጃንሆይ በሸመገሉበት ዘመን፣ እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ በሣር ጣሪያ ሥር የራሱ የጭቃ ምድጃ ነበረው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔን የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ሴት ልጅ “አንተ” ይለኛል። ከጓደኞቼ ጋር አነጋገሩን እየቀዳን እንስቅበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቃል።

በዚያ ዓመት ገበያው አጠገብ ጎጆዎች ተቃጠሉና እሳት የሚያነድ ነጋዴ ሁሉ በማዘጋጃ ቤት ሊመረመር ነው ተባለ። ለጋሽ ኦሞድም በታይፕ የተመታ ወረቀት ደረሰው። ማንበብ ስለማይችል እኔን ጠራኝ። ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን እንደ አስተማሪያችን አጎርንቼ አነበብኩ፤ ቀይ የተቀቡ ሁለት ባልዲ አሸዋ፣ አንድ በርሜል ውሃ፣ ከምድጃው የራቀ ማገዶ። ሰዎቹ አደነቁኝ። ጋሽ ኦሞድ “ጎበዝ” ብሎ ትኩስ ዳቦ ሰጠኝና ወረቀቱን ምሰሶው ላይ በሚስማር ሰቀለው።

አሸዋውን ራሱ ከባሮ ዳር ተሸክሞ አመጣ፤ ዱቄት ይመስል በወንፊት ነፋው። ባልዲዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባቸው። ቀለሙ ከእጁ አልለቅ ብሎት ያን ሰሞን የምንገዛው ዳቦ ሳይቀር ቀይ የጣት አሻራ ነበረበት።

ምርመራው አራት ቀን ሲቀረው ዳቦ ልገዛ ሄጄ ቆሜ ሳለሁ ነፋስ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ተጽፎበታል። ከምድጃ በላይ ያለ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሁን፣ ይህን ያላሟላ ይዘጋል ይላል።

ያን ጊዜ ብናገር ይደርስ ነበር። ጎረቤቱ ባለሱቁ ሐጂ ቆርቆሮ ነበራቸው፤ ጋሽ ኦሞድንም ይወዱታል። እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው ጎበዝ ካለኝ በኋላ፣ በአማርኛው የምስቅበት ሰው ፊት ቆሜ “ጀርባውን አላየሁትም” ማለት ሞት መሰለኝ። ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። በማግስቱም ሄጄ ዝም አልኩ።

መርማሪው ባልዲዎቹን አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሣሩን አየና ወረቀቱን ገልብጦ አሳየው። ጋሽ ኦሞድ ጽሑፉን ትኩር ብሎ አየ፤ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ የቆምኩትን እኔን አየኝ።

“እኔ ነኝ የረሳሁ” አለ።

ምድጃው ተዘጋ። ሐጂ ቆርቆሯቸውን በእነዚያው አራት ቀናት ውስጥ ለሌላ ሰው ሸጠውት ነበር፤ ወዲያው ክረምቱ ገብቶ ሌላ ቆርቆሮ የሚመጣበት የጎሬ መንገድ በጭቃ ተቆረጠ። ጋሽ ኦሞድ ክረምቱን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ከረመ። እኔም እሱን ላለማየት ወንዝ ዳር መውረድ ተውኩ።

መስከረም ላይ ቤታችን ድረስ መጣ። ልጁ ከሚማርበት ከመቱ ደብዳቤ ልኮለት ነበር። አባቴ እዚያው ተቀምጧል፤ ጋሽ ኦሞድ ግን ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ መጣ። በሸሚዙ እጅጌ ላይ ያ ቀይ ቀለም አልለቀቀም። ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት ገለበጠና ጣቱን በጀርባው ጽሑፍ ላይ አሳረፈ።

“ይሄም ጽሑፍ ነው” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ቀስ ብለህ አንብብ።”

ፊቱንም ጀርባውንም አነበብኩለት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁትም፤ ሳልጠይቀው ሞተ።

ባልደረቦቼ ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀት ሳይቀር ስገለብጥ እያዩ ይቀልዱብኛል። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።