ማርጆሪን የከሰሳት ፓተንት

በአሜሪካዋ ሮቸስተር ከተማ ማርጆሪ ስታሃክን የማያውቅ መስማት የተሳነው ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ራሷ ግን ጆሮዋ ደህና ነው፤ እንዲያውም ጎረቤት ግድግዳ ተሻግሮ ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምትል ሴት ናት። የማትሰማው ታናሽ እህቷ ፖሌት ናት። ፖሌት በልጅነቷ በማጅራት ገትር ታማ መስማት ካቆመች ወዲህ የሁለቱ ወሬ በእጅ ነው። ሲጣሉም በእጅ ነው፤ ገበያ መሃል ቢሆን ግድ የላቸውም።

ማርጆሪ ጉልበቷን የጨረሰችው ከተማው ውስጥ በነበረው ትልቅ የፊልም መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከስሮ ሲዘጋ ባልደረቦቿ ሙቀት ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ ነጎዱ፤ እሷ በረዶዋን እየዛቀች እዚያው ቀረች። ቀርታም "ከንፈር"ን ጻፈች። ከንፈር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የፊልም ንግግር በጽሑፍ ሲቀርብ እያንዳንዱ ቃል ተናጋሪው አፉን በከፈተበት ቅጽበት ከምስሉ ሥር ብቅ እንዲል ያደርጋል። ከዚያ በፊት ፖሌት ፊልም ስታይ ጽሑፉ ወይ ይቀድማል ወይ ይጎተታል፤ ሰውየው በጥይት ከወደቀ በኋላ "አትተኩሱ" ሲል ታነባለች። እሷ በሬሳው ንግግር ስትስቅ የማርጆሪን አንጀት ይበላው ነበር።

ፕሮግራሙን በነጻ ለቀቀችው። ነጻ ማለት ዋጋ የለውም ማለት ብቻ አይደለም። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት መመሪያ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ አባዝቶ ለሌላው ይሰጠዋል። ሰዎች ከየአገሩ ተሰባስበው ያግዟት ጀመር። ዋናው የብራዚሉ ኤቫንድሮ ነው። ኤቫንድሮ የማትሰማ ልጅ ያለችው፣ ማርጆሪን በአካል አይቷት የማያውቅ፣ ግን "እትዬ ማርጅ" እያለ ቀኑን ሙሉ የሚነዘንዛት ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች በሹክሹክታ የሚሉት ነገር የላቸውም። ሐሳቡም፣ ስህተቱም፣ ኩርፊያውም ማንም በሚያነበው የጋራ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ አንዴ ከተጻፈ ደግሞ አይጠፋም።

በአንድ የየካቲት ቀን ፖሌት ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ እህቷ ቤት ገባች። ፖሌት መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች።

"ከንፈርን ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ አጠፉት" አለች በእጆቿ።

"ማነው ያጠፋው? ለምን?"

"ዳይሬክተሩ። እንከሰሳለን ብሎ ፈራ። ልጆቹ ዝም የሚል ፊልም ፊት ተገትረው ዋሉ። አንቺስ ምንም አልደረሰሽም?"

ደርሷት ነበር፤ ሳትከፍተው ከቆሻሻ ማስታወቂያዎች ጋር ጥላው ነበር እንጂ። ከቴክሳስ የመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ላኪው አንዲት ብሎን እንኳ ሠርቶ የማያውቅ ኩባንያ ነው፤ እንጀራው ከከሰሩ ፋብሪካዎች ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት መግዛትና በገዛው መክሰስ ነው። በድምፅና በጽሑፍ መካከል ጊዜ ማገጣጠም የእሱ ንብረት እንደሆነ ይናገርና የፓተንቱን ቁጥር ጠቅሶ ከንፈር ከኢንተርኔት እንዲነሳ ያዛል።

ማርጆሪ ክው አለች። "ኮዱን እያንዳንዷን ፊደል እኔ ነኝ የጻፍኩት! ከማንም አልቀዳሁም!"

አለመቅዳቷ ግን አያድናትም። ይህን ያስረዳት ነጻ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች ያለ ክፍያ የሚከራከረው ጠበቃ ጁልያን ፋይንብላት ነው። ፓተንት የሚይዘው ጽሑፉን ሳይሆን ዘዴውን ነው፤ በራስህ ጭንቅላት ብትደርስበትም ያው ጥፋተኛ ነህ። ጠበቃው ወዲያው አንድ ትእዛዝ ሰጠ።

"ከእኔ በቀር ፓተንቱን ማንም እንዳያነብ። እርስዎም፣ ብራዚል ያሉትም።"

"የተከሰስኩበትን ነገር አላንብብ?"

"ካነበቡት እያወቁ አጠፉ ይባላል። ያን ጊዜ ካሳው እስከ ሦስት እጥፍ ሊወጣ ይችላል።"

"አንተ ልጅ፣ በጤናህ ነው? አለማወቅ የሚያስመሰግንበት አገር ነው እንዴ ያለነው?"

"በዚህ ጉዳይ፣ አዎ።"

አላነበበችም። ግን አፏን የከለከላት ስለሌለ የጋራ ሰሌዳው ላይ ወጥታ ንዴቷን ተነፈሰች። "ይህን ፓተንት ያወጣው ሰው ሌባ ነው" ብላ ጻፈች። "የሁሉንም ሰው ሐሳብ በስሙ አስመዝግቦ ለጅብ ሸጠው። ለአንድ የማይሰማ ልጅ ቅንጣት አላሰበም። ማንም ይሁን ማን፣ አፈር ይብላ!" ከየአገሩ አጨበጨቡላት። ኤቫንድሮ ብቻ "እትዬ ማርጅ፣ ደም ግፊትሽን! ሰውየው ሳይሞት አንቺ ልትሞቺብን ነው" አላት።

ከዚያ ፋይንብላት ደወለ። ማርጆሪ ነጭ ቋሊማ እየጠበሰች ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጎጠችው።

"ደስ የሚል ነገር አግኝቻለሁ" አላት። "ፓተንቱ ላይ በፈጠራ ባለቤትነት የተመዘገበችው ሴት የእርስዎ ከተማ ሰው ናት። በሕይወት ካለች እንፈልጋት። ከእሷ በፊት ማን እንደሠራው ታውቅ ይሆናል፤ ያን ካስረዳን ፓተንቱ ይፈርሳል።"

"የት ነው ያለችው? ስጠኝ እሷን! ፀጉሯን ነው የምነጨው!"

"መጀመሪያ ታግዘን፣ ከዚያ ይነጯታል" ብሎ ሳቀ። "እንዲያውም ሞክሼ ናችሁ። ማርጆሪ ዴልቬኪዮ። ያውቋታል?"

ቋሊማው ማረር ጀመረ።

"ሚስ ስታሃክ? አሉ?"

ዴልቬኪዮ የቀድሞ ባሏ ስም ነው። ስሙን ከነሰውየው ከጣለችው ቆይታለች።

"እኔ ነኝ" አለች።

ጠበቃው 'እርስዎ ከፈረሙበት ከእንግዲህ አለማንበብ አያድንም' ብሎ የፓተንቱን ግልባጭ ሲልክላት ቆማ አነበበችው፤ አንብባም ዓይኗን ማመን አቃታት። ስሟ ነው። ፊርማዋ ነው። ጽሑፉ ግን የማታውቀው ቋንቋ ነው። እሷ ያኔ የሠራችው ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያገጣጥም አንድ ተራ ማሽን ነበር። የፋብሪካው ጠበቆች በየክፍሉ እየዞሩ "ምን አሰባችሁ?" ይላሉ፤ የተነገራቸውን ወስደው እንደ ጎማ ይለጥጡታል፤ ሠራተኛው ሳያነብ ይፈርማል። ለፈረመ ስሙ የተቀረጸበት የእንጨት ሰሌዳና የእራት ግብዣ አለው። ሁሉም ይፈርም ነበር፤ እንዲያውም የማይፈርም ሰነፍ ይባል ነበር። የእሷን ማሽን ለጥጠው ለጥጠው "ከድምፅ ጋር በጊዜ የሚገጣጠም ማናቸውም ምልክት" አደረጉት፤ በዚያ ቃል ውስጥ የፖሌት ጽሑፍ ሁሉ ገባ። ፋብሪካው ሲከስር ደግሞ ፓተንቱ ከወንበርና ከጠረጴዛው ጋር ተሸጠ።

አፈረች። ያን ሁሉ እርግማን በዓለም ፊት በራሷ ላይ አውርዳለች። ግን ወዲያው ብልጭ አለላት፤ ስልኩን አነሳች።

"ስማኝ፣ ቀላል ነው! ሐሳቡ የእኔም አይደለም። እኔ ሳልቀጠር በፊት አንድ ሽማግሌ ሀንጋሪያዊ እዚያው ፋብሪካ ይሠራበት ነበር፤ ያስተማረኝ እሱ ነው። ፍርድ ቤት ቆሜ ይህ ፓተንት ባዶ ነው እላለሁ፤ አለቀ!"

"አላለቀም" አላት ፋይንብላት።

"ለምን?"

"ያን ሊከራከሩ የማይችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሕጉ የሸጠ ሰው ተመልሶ 'የሸጥኩት ባዶ ነው' እንዲል አይፈቅድም።"

"የሸጥኩት ነገር የለም! እራት ነው ያበሉኝ!"

"ፈርመው ለፋብሪካው አስተላልፈዋል። በሕጉ ዓይን ሸጠዋል። ከእርስዎ ጋር አንድ ሆነው የሚሠሩትንም ጦሱ ሊይዛቸው ይችላል።"

ማርጆሪ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እውነቱን የምታውቀው እሷ፣ እውነቱን መናገር የማትችለውም እሷ! እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታ አታውቅም። እኔም አልሰማሁም።

"ምን ይሻላል?"

"ከንፈርን ለኤቫንድሮ ይልቀቁለት። እነሱ ያለ እርስዎ ከቆሙ የሀንጋሪያዊውን ሥራ ፈልገው ፓተንቱን መታገል ይችላሉ፤ የማሸነፍ ዕድላቸውም ጥሩ ነው። እርስዎ ግን ፈጽሞ መውጣት አለብዎት። አንድ መስመር ኮድ፣ አንድ ምክር፣ በሰው በኩልም ቢሆን፣ አይቻልም። አንዲት ነገር ከተገኘች የእነሱም መከራከሪያ አብሮ ሊወድቅ ይችላል።"

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። "የምፈልገውን ሌባ አገኘሁት፤ እኔ ነኝ" ብላ ጀመረችና ሁሉንም ሳትደብቅ ዘረገፈችው። ኤቫንድሮ መልሶ ጻፈ፦ "እትዬ ማርጅ፣ አንቺን መተካት አልችልም። ግን ልጄ ነገ ፊልም ማየት አለባት። የይለፍ ቃሉን ስጪኝ።" ሰጠችው።

ፓተንቱን የማፍረሱ ክርክር ገና በሂደት ላይ እያለ ኤቫንድሮ ከንፈርን አድሶ አወጣው። ፖሌት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች፤ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ሆነው ፊልም ከፈቱ። ቃላቱ ልክ በሰዓታቸው እየወጡ መሃል ላይ ሲደርሱ አንዲት ተዋናይ በፍጥነት ስትጮህ ጽሑፉ ተደነቃቀፈ። ፖሌት ፊቷን አጨማደደች። ማርጆሪ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንዳለ፣ ምን ቢደረግ እንደሚቃና ወዲያው ገባት። ፖሌት የእህቷን ፊት ማንበብ አይከብዳትም።

"አውቀሽዋል አይደል?"

"አውቄዋለሁ።"

"ታዲያ ንገሪኝና እኔ ለኤቫንድሮ ልጻፍለት። ያንቺን ስም አላነሳም። ማን ያውቃል? ልጆቹም ነገ ይህንኑ ነው የሚያዩት።"

የማርጆሪ እጆች ተነሱ። አየር ላይ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም መልሳ ከጭኖቿ ሥር ሰገሰገችና ተቀመጠችባቸው። ፖሌት ክንዷን ይዛ ብትጎትታት፣ ብትጎትታት፣ አልተነሳችም።