ዳርሶኖ ሳያስቀምጠው የሄደው ሥራ

ዳርሶኖ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ከተደፋ ወዲህ ኮምፒውተሩን ያጠፋ ሰው የለም። ሥራውን ሳያስቀምጥ ነው የሞተው፤ ማሽኑ ከጠፋ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ሚስቱ ውርያኒ፣ እዚያው ሰማራንግ ከተማ ባለው የባሕር መከላከያ ቢሮ ከጎኑ ትሠራ የነበረችው፣ የሻይ ብርጭቆውን አጥባ፣ ክዳኑን ገጥማ ቦታው መለሰችው። ኮምፒውተሩን ግን አልነካችውም።

"እትዬ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ይቋረጣል፤ መስመሩን ሊጠግኑ ነው" አላት ቱሉስ፣ ሦስተኛው የክፍሉ ሠራተኛ። "ባሕሩን የሚከላከለውን ግንብ ከፍታ ደግሞ ነገ ለአሠሪዎቹ መላክ አለብን።"

ግንቡ የሚሠራው የውርያኒ እናት በምትኖርበት የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው። እዚያ ባሕሩ ከፍ ይላል፣ መሬቱም ይሰምጣል። የድሮው ስሌት ባሕሩን ብቻ ነበር ያሰበው፤ የመሬቱን መስመጥ ዳርሶኖ የጨመረው በሕይወቱ የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ነው።

ለውጤቶቹ ሁሉ የሚሰጠው ስም አንድ አንድ ፊደል ነበር። ቱሉስ ይቀልድበታል፦ "አንተ ሰውዬ፣ ፊደል ሲያልቅብህ ምን ልትሆን ነው?"

"ያኔ የሚስቴን ስም እሰጠዋለሁ። በእሷ ላይ ሌላ አልደርብም።"

"ሞክርና እይ!" ትላለች ውርያኒ ከወንበሯ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ምሳ ሊወጣ ሲል፣ ሌላው ጠረጴዛውን እንደሚወለውል፣ እሱ የጻፋቸውን ትእዛዞች ከመስኮቱ ላይ ያጸዳል። ውጤቶቹ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ይቀራሉ፤ የተገኙበት መንገድ ግን አይታይም። በዚያች ቀንም እንዲሁ አድርጓል።

ውርያኒ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ባስቀምጠውና መልሶ ባይከፈትስ ብላ ፈራች። እንግዲያው አስቀድሜ ልሞክር ብላ ከዚያ በፊት ያስቀመጠውን ፋይል ከፈተች። በዚያው መስኮት ውስጥ።

ያለ አንዳች ችግር ተከፈተ።

የግንቡን ከፍታ የያዘውን ፊደል ጠየቀች፤ የድሮው ቁጥር መጣ። ሌላ ፊደል ጠየቀች፤ አሁንም የድሮው። ስማቸው አንድ ስለሆነ አሮጌዎቹ አዲሶቹን ተክተዋቸዋል።

"ቱሉስ፣ ገደልኩት" አለች።

"ምኑን?"

"የመጨረሻዋን ቀን።"

ቱሉስ መጥቶ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ አለና ፕሮግራሙን ስሞቹን ሁሉ እንዲዘረዝር አዘዘው። ፊደሎቹ እየተከታተሉ ወረዱ። ከሁሉም ሥር አሮጌው ፋይል ውስጥ ያልነበረ፣ ስለዚህም ያልተነካ፣ አንድ ስም ቀርቶ ነበር፦ ውርያኒ።

"ፊደል አልቆበት ኖሯል" አለ ቱሉስ። አልሳቀም።

በስሟ የተቀመጠው አንዲት ቁጥር ነች። ከድሮው ከፍታ በአንድ ክንድ ተኩል ትበልጣለች።

"ይቺን እንላክ።"

"እንዴት ተገኘች ቢሉን ምን እንላለን፣ እትዬ? የድሮው ስሌት ከነመንገዱ እጃቸው ላይ አለ። እሱን ነው የሚወስዱት።"

"ሳያረጋግጥ በስሜ አያስቀምጣትም።"

"እኔ አምናለሁ። እነሱ ግን ሚስቱ አይደሉም።"

ቁጥሯን ለብቻዋ በአዲስ ፋይል አስቀመጠቻት። ከዚያ መንገዱን ራሷ ልትፈልገው ጀመረች። የመሬቱን መስመጥ በአንድ መንገድ አስገባችው፤ ውጤቱ ከዳርሶኖ ቁጥር በላይ ሆነ። በሌላ መንገድ አስገባችው፤ በታች ሆነ። ዳርሶኖ ከጎኗ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያሳያት ነበር።

መብራቱ ሄደ። ዳርሶኖ ከሞተ ጀምሮ ሲያጉረመርም የኖረው ማሽን ዝም አለ። ቱሉስ መስኮቱን ከፈተላት፤ ሽታው የባሕር ነው።

"እናቴንስ ወደ እኔ አመጣታለሁ" አለች። "ሰፈሩን የት ላድርገው?"