ቃሬዛው በሩ ላይ ሲደርስ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የእማማ ወርቄ አስከሬን ጎፋ ከሚገኘው ቤታቸው ወጣ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ አባቴ ነበር። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

እማማ ወርቄ በአጥር የምንዋሰናቸው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ያረድነውን ስለማይበሉ፣ ለአረፋ አባቴ ዶሮ ከነነፍሷ ይልክላቸው ነበር፤ እሳቸውም ለፋሲካ እንዲሁ ያደርጉልን ነበር። ዶሮዋን አቅፌ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። የላባዋ ሽታ እስከ ማታ ከእጄ አይለቅም።

ያን ቀን ጠዋት፣ ቁርአን ቤት አብሮኝ የሚቀራው የአክስቴ ልጅ ጀማል አንድ ነገር ነገረኝ።

«የክርስቲያን ሬሳ የተሸከመ ከዲን ይወጣል። ከዛሬ ጀምሮ አባትሽ ለእናትሽ ሐራም ናቸው፤ ሌላ ቤት ነው የሚያድሩት።»

«ማን አለ?»

«ትልልቆቹ ልጆች።»

«ኡስታዙስ?»

«ኡስታዙን ማን ይጠይቃል? ለመገረፍ?»

ለቀስተኛውን ከኋላ ተከተልኩ። ዝናብ ገና ማባራቱ ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ አየሩ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ዓይኔን ከአባቴ ነጭ ኮፍያ ላይ አልነቀልኩም። መሸከሙ ሳያንስ ያ ኮፍያ የቤተ ክርስቲያኑን በር ካለፈ ጨርሶ አባት የለኝም ብዬ ነበር።

በሰፈራችን ልማድ ሙስሊሞቹ እስከ በሩ ሸኝተው ውጭ ይቀራሉ፤ ተሸካሚ እዚያው ይቀየራል። ያን ቀን ግን ጭቃው ሰዉን በታትኖት ተተኪው ከኋላ ቀርቷል። አባቴ የያዘውን የቃሬዛ ጫፍ የሚቀበል ጠፋ። ቢለቅ እማማ ወርቄ ይወድቃሉ፤ ባይለቅ ይገባል። አባቴ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌሎቹም አብረውት ቆሙ።

የሟች ልጅ ብርሃኑ ከፊት ዞረ።

«ጋሼ ሰይድ፣ ለእኔ ይስጡኝ።»

«አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ተው።»

«እና እርስዎን እዚህ ላቁምዎት?» ብሎ ትከሻውን አስገባ።

አባቴ ወደ ኋላ ተመለሰና ቀብሩ እስኪያልቅ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያኔ አየኝ። ለምን እንደተከተልኩት ሲጠይቀኝ ጀማል ያለኝን ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ነቢዩ የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነስተው እንደቆሙ፣ «የአይሁዳዊ ነው» ሲባሉም «ነፍስ አይደለችም?» እንዳሉ ነገረኝ። «ጎረቤትን መሸኘት ሌላ፣ ጸሎታቸው ውስጥ መግባት ሌላ» አለኝ። አመንኩት። ቢሆንም ማታ እንደ ወትሮው ወደ መኝታ ቤታቸው ሲገባ እስካይ ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ወሬ ከቁርአን ቤት አጥር ብዙም አይርቅም ነበር፤ አባት አጠገብ ካለም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይመልሰዋል። ዛሬ በስልክ ነው የሚመጣው። ልጄ ሂክማ አሥር ዓመቷ ነው። በቀደም አንድ ሰው ስልክ ላይ፣ ክርስቲያን ቢታመም አይጠየቅም ሲል መስማቷን ነገረችኝ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ እጇ ግን ቀሚሷን ጨምድዶ ይዟል። ብርሃኑ ታሞ መተኛቱን ታውቃለች፤ አያቷ ሊጠይቀው እንደሚሄድም ታውቃለች።

ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሦስታችንም ሄድን። አባቴ ምርኩዙን ይዟል፤ ብርቱካኑን ሂክማ ያዘችለት። እሱና እኔ ገባን። እሷ በሩ ላይ ቀረች።

ብርሃኑ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ማናት እዚያ የቆመችው?» አለ።

ሂክማ ጫማዋን አውልቃ ገባች።