አባቴን የሚሰድበው ሰው

ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቴን ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው ሳዛውር ከአንድ ያረጀ ደብተር መሃል የዓሣ ቅርፊት ወደቀ። ደርቆ እንደ ጥፍር ጠንክሯል። አንስቼ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። አፍንጫዬ ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የሐይቁን ዳር የጠዋት ሽታ ይዞልኝ መጣ፤ እርጥብ ደንገል፣ ጭቃ፣ ገና የተሰነጠቀ ዓሣ።

ደብተሩ የቀልድ ደብተር ነበር። እንዳትስቅብኝ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ገጣሚ እሆናለሁ ብዬ ራሴን በራሴ አስተምር ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ የሥነ ጽሑፍ መማሪያ አግኝቼ፣ ውስጡ ስለ ቀልድ የሚያትት ምዕራፍ ነበረው፤ ሰው ለምን እንደሚስቅ፣ ምጸት ከሽሙጥ፣ ሽሙጥ ከተረብ በምን እንደሚለይ። እኔም ደብተሬን በመስመር ከፋፍዬ ከሰው አፍ የሰማሁትን ሁሉ በየረድፉ አስገባ ነበር። የቱ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አልስቅም ነበር እንጂ።

የደብተሩ ቀልድ አብዛኛው የአንድ ሰው ነው፤ የአባቴ ባልንጀራ። አባቴ ክርስቲያን፣ እሱ እስላም፣ ሁለቱም ዓሣ አስጋሪ። መረቡ የአባቴ፣ ታንኳው የእሱ ነበርና አንዱ ያለ ሌላው ውሃ አይገባም። ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ዓሣ ግን ባራኪም አራጅም አይጠይቅምና ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር። እየበሉ ይሰዳደባሉ።

«አንተ ስትፆም ዓሣው ትንሽ ያርፋል ብዬ ነበር» ይላል ባልንጀራው። «ለካ የሚያልቀው በአንተ ፆም ነው!»

«አንተስ? በረመዳን ቀን ቀን ውሃውን ቀና ብለህ አታይም፤ ሲመሽ ሐይቁን ከነእንቁራሪቱ ትጨልጠዋለህ።»

እናቴ ከጓሮ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጎረቤት ይሰማል!» ትላለች። ጎረቤት ግን የሚመጣው ሊሰማ ነበር።

ከዚያ አባቴ ታመመ። ደሴ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኝቶ፣ «ቤቱ ይሁን» ብለው መለሱት። ጠያቂው ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ ይገባል፣ በለሆሳስ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ከንፈሩን መጦ ይወጣል። ባልንጀራው ብቻ ገና ከአጥሩ ጀምሮ ይጮኻል።

«አንተ! ዛሬም አለህ? መቃብር ቆፋሪዎቹ እኮ ዶማቸውን ተደግፈው እየጠበቁህ ነው፤ ምነው ሰው ሥራ ታስፈታለህ!»

«ይጠብቁ። ቀብሬ ላይ ስታለቅስ መልክህ እንዴት እንደሚያስጠላ ሳስበው ሞቱን እተወዋለሁ።»

ሲሳሳቁ አባቴን ሳል ያፍነው ነበር። አንድ ቀን አፉን በጠረገበት ጨርቅ ላይ ደም አየሁ። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «በደካማ ላይ የሚነገር ቀልድ ጭካኔ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከራሴ ይሁን ከመጽሐፉ አላስታውስም። ባልንጀራው ሲወጣ ተከትዬው አጥሩ ጋ ደረስኩበት።

«አባቴ እየሞተ ነው፤ አንቱ መሳቂያ አደረጉት። ከእንግዲህ ቤታችን አይምጡ።»

ያ ሰው መሬት መሬት አየና «እሺ፣ የኔ ልጅ። አንተ የተማርክ ነህ» አለኝ። ገብቼ በሽሙጥ ረድፍ ጻፍኩት። ሽሙጥ አልነበረም።

ቤቱ ጸጥ አለ። ቀን ቀን የሚሰማው ፀሐይ ሲመታው የሚንጣጣው ቆርቆሮ ነበር። አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መተኛት ጀመረ።

«ዛሬም አልመጣም?»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል።»

«ሥራ? እሱ?» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ ለብቻው ግን አልሆነለትም።

በስድስተኛው ቀን ደብተሬን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀልዶቹን አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ የራሱንም ጭምር። ለምን እንደሚያስቁ እንኳ አስረዳሁት። ስብከት እንደሚሰማ ሰው በትህትና አዳመጠኝ። ከዚያ እጄን ያዘ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ። ግን እናንተ ሁላችሁ ቀስ ብላችሁ ነው የምታናግሩኝ። የሚጮኽብኝ እሱ ብቻ ነበር።»

አሁን ደሴ ውስጥ ግጥም በምናነብበት ቤት ጓደኞቼ «ምነው ያንተ ግጥም አንድ ቀን እንኳ አያስቅም?» ይሉኛል። ሻዩን አማስላለሁ። ምን ልበላቸው?

ደብተሩን ለአባቴ ባነበብኩለት ማግስት፣ ጠዋት፣ ባልንጀራውን ፍለጋ ወጣሁ። እህቱ ዘንድ፣ ከዳገቱ በላይ ወዳለው ወደ ሌላው ሐይቅ፣ ወደ አርዲቦ ሄዷል አሉኝ። ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ማሽላው አሽቶ ነበር፤ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፍ ሲያስጮኹ በየማማው ይሰማል። እሱ ውሃው ዳር ቁጭ ብሎ የሰው መረብ ይጠግናል። ሲያየኝ ተነሣ፤ ፊቱ ነጣ።

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ተመልሶ ተቀመጠ። «ታዲያ እሱ ነው የላከህ?»

«እኔ ነኝ የመጣሁት፣ አባባ። ያኔም እሱ አልላከኝም። ያልኩዎትን አያውቅም።»

መርፌውን መረቡ ላይ ሰካ። እንዲሰድበኝ እጠብቅ ነበር፤ እግዜር ያሳይህ፣ እንዲሰድበኝ እመኝ ነበር።

«እኔ ደግሞ ሰለቸኝ ብሎ የላከህ መስሎኝ» አለ። «ሰባት ቀን ሙሉ፣ ምን ብዬው ይሆን የከፋው እያልኩ... ወላሂ እያንዳንዷን ቃል ሳበጥር ነው የከረምኩ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላዬ ነበር። አንድ ጊዜ «ይበላል?» አለኝ። ውሃ ብቻ አልኩት። ጥቂት ሄደን ደግሞ «ይሰማል?» አለ።

«ትናንት ይሰማ ነበር።»

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አልለበሰችም፤ ይህን አይቼ ተነፈስኩ። ግን ጠዋት ከወጣሁ ጀምሮ አባቴ ዓይኑን አልገለጠም፣ ቃልም አልተነፈሰም። ደረቱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

ባልንጀራው ገባ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የአባቴን እግር ጭኑ ላይ አኖረ። ጉሮሮውን ጠራረገና እንደ ድሮው ጮኸ።

«አንተ ሰነፍ! እኔ ከአርዲቦ ድረስ በእግሬ ስመጣ አንተ ቀና ብለህ እንኳ አታይም?»

ሁልጊዜ የአባቴ መልስ የሚመጣበትን ያህል ጠበቀ። ዝንብ የአባቴ ግንባር ላይ አረፈች፤ እሱ በእጁ አባረራት። ከዚያ ድምፁን አቀጠነ፣ እንደ አባቴ ጎተት አደረገው፤

«መልክህን እኮ አርባ ዓመት አየሁት። ምን የተጨመረበት አለና ልየው?»

እናቴ ባለችበት አፏን ያዘች።

«ኧረ ባለጌ! ደግሞ ለዚህ መልክ ስንት ሴት አልቅሷል መሰለህ» አለ በራሱ ድምፅ።

ጠበቀ።

«እውነት ነው፤ አግቢው የተባለችው ሁሉ አልቅሳለች» ብሎ በአባቴ ድምፅ ራሱን ሰደበ።

እናቴ ሳቀች። ሳቋ መሃሉ ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ። እኔም ሳቅሁ፤ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባ ሳላስብ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ አባቴ ያኔ ፈገግ ብሎ ነበር እላለሁ። አላለም። ባልንጀራው ግን ፀሐይ ከደጁ እስክትሸሽ ድረስ በሁለቱም ድምፅ ሲሳደብ ዋለ። በየመሃሉ ትንሽ ዝም ይላል፤ አባቴ ራሱ መመለስ ቢፈልግ ቦታ እየተወለት።