የበቅሎዋ ተራ

ደባርቅ ውስጥ ሥልጣኔ የገባው ባንድ ጀምበር ነው። ድሮ በቅሎ አከራዮች ማለዳ አደባባይ ይሰበሰቡና ተራ አስከባሪው ስም እየጠራ ቱሪስት ያከፋፍላቸው ነበር። ይጮኻል፣ ይሰደባል፣ ግን ሁሉም ይሰማዋል። የከተማው ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይህን "ኋላ ቀር አሠራር" ብሎ ሻረውና ተራውን በቴሌግራም መለጠፍ ጀመረ።

አጎቴ የሚኖሩት ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ኔትወርክ ለመያዝ ጉብታ በሚወጣበት መንደር ነው። ስልካቸው በላስቲክ የታሰረች ናት፤ ማናገር ታናግራለች፣ ከዚያ በላይ አትጠይቋት። ተራቸው ይለጠፋል፣ ያልፋል፣ እሳቸው በማግሥቱ ከሰው ይሰማሉ። ቱሪስቱ እንደሆነ ዘንድሮ በጣት የሚቆጠር ነው። ያለቻቸው አንዲት በቅሎ ሥራ ፈታ ገብስ ስትበላ ከረመች። ተራ አስከባሪው ይመለስልን ብለው ከሌሎቹ ጋር አቤት ብለዋል፤ ካልተመለሰ በቅሎዋን መሸጣቸው ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ተመራማሪ መጣ። ዲጂታል ተግባቦት በአካባቢ አስተዳደርና በሥራ ላይ ያመጣውን ለውጥ ያጠናል አሉ። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም። ጽሕፈት ቤቱም የሚያነጋግራቸውን ሰዎች መረጠለት፦ ቴሌግራሙ ላይ አውራ ጣት ሲለጥፉ የሚውሉትን። መንገድ እንዳሳየው የተላክሁት አስጎብኚ እኔ ነበርሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ ቀጥታ አጎቴ ቤት ወሰድሁት።

አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንግዳውን መደቡ ላይ አስቀምጠው ጠላ አስቀዱለት።

"አባቴ፣ አዲሱ የተራ አሠራር እንዴት ነው?" አላቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው።"

ሥራውስ? ተመስገን። አስተዳደሩ ያዳምጥዎታል? ዕድሜ ይስጣቸው። ጉድ በል ጎንደር! ከጎን ዓይኔን ባፈጥ፣ ጉሮሮዬን ብጠርግ፣ ወይ ፍንክች። አላስቻለኝምና ተራቸው እያለፈ በቅሎዋን ሊሸጡ እንደሆነ ነገርሁት። አጎቴ ተቆጥተው ዝም አሰኙኝ። ተመራማሪውም ፈገግ ብሎ፣ መልስ ሰጪውን መጫን እንደማይገባ መከረኝ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

እንግዳውን ሸኝቼ ስመለስ ምን ነካዎት ብዬ አፋጠጥኋቸው።

"ደጄን የረገጠ እንግዳ ላይ ችግሬን ልጫንበት?" አሉኝ።

ጥናቱ ኋላ በአዳራሽ ቀረበ። አከራዩ ረክቷል ተባለ፤ ጽሕፈት ቤቱ አጨበጨበ፣ እኛም ውኃ በላስቲክ ታደለን። ለነአጎቴ አቤቱታ ያ ጥናት መልስ ሆኖ ተነበበላቸው። ልብ በሉ፣ የራሳቸው ቃል ነው የተመለሰላቸው።

አጎቴ በቅሎዋን ዳባት ወስደው ሸጡ። ሲመለሱ ኮርቻዋን ተሸክመው እኔ ቤት አረፉ። ተመራማሪው እሳቸውን ለማመስገን የደወለልኝ እንዲህ እንደተቀመጡ ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠኋቸው። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አዝመራው ጠየቃቸው።

"በቅሎዋስ ደህና ናት?" አላቸው።

አጎቴ እግራቸው ሥር ያለውን ኮርቻ ዳበስ አደረጉት።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉት፣ "ደህና ናት።"